የድስቱ ምስክርነት፤ ከአንደሉስ ማጀት የምንማረው

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በሬዲዮ ያቀረብነውን ይህን ንግግር ለንባብ እንዲመች አድርገን እነሆ ብለናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ አንደሉስ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ጣሪቅ ኢብኑ ዚያድ በ711 ባሕሩን ስለመሻገራቸው፣ ስለ ቁርጡባ መስጂድ ምሰሶዎች፣ ስለ አልሐምራ ቤተ መንግሥት፣ በመጨረሻም በ1492 ስለ ገርናጣ (ግራናዳ) መውደቅ ነው። ይህ ሁሉ መነገር ያለበት ታሪክ ነው። ዛሬ ግን በትልቁ በር ሳይሆን በጓሮ በር እንገባለን። በጓሮ በር መግባት ደግ ስም እንደሌለው እናውቃለን፤ የማጀቱ በር ግን በዚያ በኩል ነው። ነገሥታቱ የት እንደተቀመጡ ቤተ መንግሥቱ ይነግረናል። ተራው ሙስሊም እንዴት እንደኖረ፣ እንዴት ዲኑን እንደጠበቀና በምን እንደተፈተነ ለማወቅ ግን ከምድጃው አጠገብ መቀመጥ ያስፈልጋል።

በመደርደሪያው ላይ ያሉ ስሞች

አንዲት የስፔይን እናት ምሳ ልትሠራ ተነሳች እንበል። ዘይቱን ስታነሳ «አሴይቴ» ትላለች። ሩዙን «አሮስ»፣ ስኳሩን «አሱካር»፣ ሎሚውን «ሊሞን»፣ ደበርጃኑን «ቤሬንሄና» ብላ ትጠራለች። ነጭ ሽንኩርት የምትወቅጥበት ሙቀጫ «አልሚሬስ» ይባላል። የተፈጨ ሥጋ አድበልብላ ብትጠብስ ምግቡ «አልቦንዲጋ» ነው። ዓሣውን በኮምጣጤ ብትዘፈዝፈው «ኤስካቤቼ» ትለዋለች።

እነዚህ ስሞች ሁሉ በአረብኛ በኩል የመጡ ናቸው። አዝ-ዘይት፣ አር-ሩዝ፣ አስ-ሱከር፣ ለይሙን፣ ባዚንጃን፣ አል-ሚህራስ፣ አል-ቡንዱቃ፣ ሲክባጅ ነበሩ። ከእነርሱም አንዳንዶቹን አረብኛ ራሱ ከፋርስና ከሕንድ ተቀብሏቸዋል። የእኛ ዘይት፣ ሩዝ፣ ስኳር፣ ሎሚና ደበርጃንም የእነዚሁ ዘመዶች መሆናቸውን ጆሮአችን ይመሰክራል። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ያለች ሙስሊም እናትና የሴቪያ እናት ሳይተዋወቁ በማጀታቸው ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ቃላት ይናገራሉ ማለት ነው። ያቺ የስፔይን እናት «ምነው ልጄ በደህና በመጣልኝ» ብላ ስትመኝ ደግሞ «ኦሃላ» ትላለች። ይህም «አላህ ቢፈቅድ» ከሚል የአረብኛ አባባል የወጣ ነው። እርሷ ግን ይህን አታስብ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናርም። «ፓኤያ» የተባለው ታዋቂው የቫሌንሲያ የሩዝ ምግብ ስሙ ከአረብኛ «በቃያ» (ትራፊ) የመጣ ነው የሚል ወሬ በአንዳንድ መድረኮች ይሰማል። ይህ ትክክል አይደለም፤ ቃሉ ከላቲን የወረደ ሆኖ መጥበሻ ማለት ነው። ሩዙ ግን በእውነት በሙስሊሞች ዘመን የተስፋፋ ነው። እውነተኛው ታሪካችን ሰፊ ስለሆነ የሐሰት ጌጥ አያስፈልገውም፤ በእጃችን ያለው ይበቃናል።

እርሻው፣ ኪታቡና ገበታው

ይህ ሁሉ ስም በቅል ተሸክሞ ባሕር የተሻገረ አይደለም፤ ከአፈርና ከውኃ ጋር የተያያዘ ሥራ ነበረ። የአንደሉስ ገበሬ ወንዙን በቦይ ከፍሎ፣ ተራውን ጠብቆ ማሳውን ያጠጣ ነበር። ስፔይኖች ዛሬም የመስኖውን ቦይ «አሴኪያ» ይሉታል፤ አስ-ሳቂያ ማለት ነው። በቫሌንሲያ ከተማ የመስኖ ውኃ ዳኞች ዘወትር ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ በካቴድራሉ በር ደጃፍ ተቀምጠው የገበሬዎችን ክርክር በቃል ሰምተው በቃል ይፈርዳሉ። ካቴድራሉ የቆመበት ቦታ ቀድሞ የከተማዋ ጁሙዓ መስጂድ የነበረበት ነው። ዩኔስኮ ይህን ሸንጎ በ2009 በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። የኢሽቢሊያው (የሴቪያው) ዓሊም ኢብኑል ዐዋም በ12ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ስለ አፈር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ተክል ማዳቀልና ስለ ከብት የጻፉት ትልቅ ኪታብ በ1802 ወደ ስፓኒሽ ተተርጉሟል። ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ ለሌላ ዘመን ገበሬ ይጠቅማል ተብሎ የሚተረጎም መጽሐፍ ስንቱ ነው?

ገበታውም ሥርዓት ነበረው። የቲለምሳኑ ታሪክ ጸሐፊ አል-መቅሪ (በ1632 የሞቱት) እንደሚሉት፣ በ822 ከምሥራቅ ወደ ቁርጡባ የመጣው ባለዜማው ዚርያብ ሰዎች ከወርቅና ከብር ዕቃ ይልቅ በጥሩ ብርጭቆ መጠጣትን እንዲመርጡ አስተምሯል። በወርቅና በብር ዕቃ መብላትና መጠጣትን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንደከለከሉ እናውቃለን። በዚህ ረገድ የቤተ መንግሥቱ ፋሽን ሱንናውን ተከትሎ ገባ ማለት እንችላለን።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የሚነካው ግን የኢብኑ ረዚን አት-ቱጂቢ ታሪክ ነው። በ1227 በሙርሲያ ተወለዱ። ከተማቸው በካስቲል ንጉሥ እጅ ስትገባ ገና ወጣት ነበሩ። ተሰደው ወደ ሴውታ፣ ከዚያ ወደ ቢጃያ፣ በመጨረሻም ወደ ቱኒስ ሄዱ። በቱኒስ ሳሉ በ1260ዎቹ አካባቢ «ፉዳለቱል ኺዋን» የተባለውን የምግብ ኪታባቸውን ጻፉ። ወደ 475 የሚሆኑ የምግብ ዓይነቶች አሉበት። ዳቦው፣ ኩስኩሱ፣ የደበርጃኑ ልዩ ልዩ አሠራር፣ ዓሣው፣ ጣፋጩ ሁሉ በየተራው ሰፍሯል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የእናታችንን የዓኢሻን (ረ.ዐ.) ብልጫ ያመሳሰሉበት ሰሪድ፣ ማለትም በመረቅ የተፈተፈተ ዳቦ፣ በብዙ ዓይነት ተገልጿል።

ይህ ኪታብ ለረጅም ጊዜ በጎደሉ ቅጂዎች ብቻ ይታወቅ ነበር። በ2018 በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት የተሟላ ቅጂ ተለይቶ ታወቀ፤ በ2021ም በኢራቅ ተወላጇ ተመራማሪ ነዋል ነስረላህ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ታተመ። እኛ ስለዚህ ሰው ስናስብ የሚታየን አንድ ነገር ነው። አገሩን ያጣ ዓሊም ተቀምጦ የጻፈው የጦርነት ታሪክ አይደለም፤ የእናቱን ቤት ድስት ነው። አገሩን መመለስ ባይችል መዓዛዋን ለመጠበቅ ቀለም ነከረ።

ከዚሁ ዘመን የወረደ ሌላ ስሙ ያልታወቀ ጸሐፊ ያዘጋጀው የአንደሉስ የምግብ ኪታብ አለ። በውስጡ «የአይሁድ አሠራር» ተብለው የተጻፉ ምግቦች ይገኛሉ፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይቀማመስ እንደነበር ያሳያል። በዚሁ ኪታብ ሰንቡሰክም አለ። አዎን፣ በረመዳን ለኢፍጣር የምናቀርባት ሳምቡሳችን ዘመድ!

በአንደሉሲያ ቤቶች ዛሬም የሚሠራ «አልቦሮኒያ» የሚባል የደበርጃንና የዱባ ወጥ አለ። ስሙ «አል-ቡራኒያ» ከሚለው የመጣ ሲሆን ይህም በ825 የኸሊፋ አል-መእሙን ሙሽራ በሆነችው በቡራን ስም የተሰየመ ነው። ቲማቲሙና ቃሪያው ከአሜሪካ ምድር ከመጡ በኋላ የተጨመሩ ናቸው። እኛም በቤታችን አሠርተን ሞክረነዋል። ደበርጃኑ በጨው ታሽቶ ምሬቱ ይወጣል፣ በዘይት ይጠበሳል፣ ከሽንኩርቱና ከዱባው ጋር ቀስ ብሎ ይበስላል፣ በመጨረሻ ጥቂት ኮምጣጤ ጠብ ይደረግበታል። ልጆቻችን በእንጀራ ጠቅልለው ከጨረሱ በኋላ «ይህ የማን አገር ወጥ ነው?» ብለው ጠየቁ። የባግዳድ ሙሽራ ስም፣ የአንደሉስ ዘይት፣ የአሜሪካ ቲማቲም፣ የእኛ እንጀራ ሆኖብን መልሱ ረዘመ።

በሳህኑ ላይ የተጻፈው ዱዓእ

ምግቡ ከቀረበበት ሳህን ላይም እንመልከት። የማላጋ፣ ኋላም በቫሌንሲያ አጠገብ ያለችው የማኒሴስ ሸክላ ሠሪዎች እንደ ወርቅ የሚያብረቀርቅ ሳህን በመሥራት በመላው አውሮፓ የታወቁ ነበሩ። በነዚህ ሳህኖች ላይ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ቃል ነበር፤ «አል-ዓፊያ»። ጤና ማለት ነው። ወሎዬ ወንድሙን ሲያገኝ «ዓፊያ ነህ ወይ?» የሚለው ያው ቃል ነው። ከዚያ ሳህን የሚበላ ሰው ጤና እንዲሰጠው የተጻፈ ዱዓእ ነበር።

ዘመን ሲያልፍ ግን ቃሉን የሚጽፈው እጅ ማንበብ የማይችል እጅ ሆነ። አሊፏ ተጣመመች፣ ፊደሎቹ ተቆላለፉ፣ ቃሉ ተደጋግሞ ተደጋግሞ በመጨረሻ የሳህኑ ጠርዝ ጌጥ ብቻ ሆነ። የሥነ ጥበብ ሊቃውንት ዛሬም ያን ጌጥ «አላፊያ» ብለው ይጠሩታል። ሳህኑ አለ፣ ጌጡ አለ፣ ዱዓውን ግን የሚያነበው የለም።

ውድ ወገኖቻችን፣ ይህን ሳህን በልባችሁ ያዙልን። የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር በእርሱ ላይ ነው። የሕዝብ ቅርስ እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ መልኩ በእጅ ይቀራል፣ ትርጉሙ ከልብ ይወጣል። ይህ በአንደሉስ እንዴት እንደሆነ ቀጥለን እንይ።

ድስቱ ሲመረመር

ገርናጣ እጇን ስትሰጥ በኅዳር 1491 በተፈረመው ውል ሙስሊሞች በሃይማኖታቸው፣ በመስጂዳቸውና በሸሪዓ ዳኞቻቸው እንዲኖሩ ቃል ተገብቶ ነበር። ውሉ አሥር ዓመት እንኳ አልሞላም። ሊቀ ጳጳስ ሲስኔሮስ በ1499 ገርናጣ ከገቡ በኋላ ሰዎችን በግድ ማጥመቅ ተጀመረ፤ የአረብኛ ኪታቦች በቢብ-ረምላ አደባባይ ተቃጠሉ። በ1502 በካስቲል፣ በ1526 በአራጎን ግዛቶች ሙስሊሞች ወይ ተጠመቁ ወይ አገር ልቀቁ ተባሉ። መውጫውም ለብዙዎች የማይቻል ነበረ። በግድ የተጠመቁት «ሞሪስኮ» ተባሉ። አይሁዶችም በ1492 ተመሳሳይ አዋጅ ታውጆባቸው ተሰደዋል ወይም ተጠምቀዋል፤ መከራው የሙስሊሙ ብቻ አልነበረም።

መስጂዱ ተወስዶ ኪታቡ ሲቃጠል ኢስላም የት ሄደ? ማጀት ገባ። ይህን ያወቀው «ኢንኪዚሲዮን» የተባለው የሃይማኖት መርማሪ ፍርድ ቤትም ወደ ማጀት ተከትሎ ገባ። ሕዝቡ ጎረቤቱን እንዲጠቁም የሚነበበው አዋጅ ምልክቶቹን ይዘረዝር ነበር። የአሳማ ሥጋ የማይበላ፣ ወይን የማይጠጣ፣ በረመዳን ቀን የሚጾም፣ ከብቱን ወደ ቂብላ አዙሮ ቢስሚላህ ብሎ የሚያርድ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። በችሎቱ መዛግብት ውስጥ ኩስኩስ ስለበሉ፣ መሬት ላይ ተቀምጠው ስለተመገቡ፣ በአሳማ ስብ ፈንታ በዘይት ስለ ጠበሱ የተከሰሱ ሰዎች አሉ። አስቡት፤ የአንዲት እናት የዘይት ጠርሙስ ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብባት!

በጥር 1567 የወጣው አዋጅ ደግሞ አረብኛ መናገርንና መጻፍን፣ የሙስሊም ልብስን፣ የሕዝብ መታጠቢያ ቤቶችን ከለከለ። ዓርብ ቀንና በበዓላት የቤታቸውን በር ክፍት እንዲያደርጉም አዘዘ። የጁሙዓ ቀን ማን ምን እንደሚያደርግ፣ ማን ምን እንደሚበላ አላፊ አግዳሚው እንዲያይ ነው። ፍራንሲስኮ ኑኜስ ሙሌይ የተባሉ አዛውንት የሞሪስኮ መኳንንት በዚያው ዓመት አቤቱታ ጻፉ። ልብስና ዜማ፣ ቋንቋና መታጠቢያ የአገር ልማድ ነው፤ በምሥራቅ ያሉ ክርስቲያኖችም አረብኛ ይናገራሉ ብለው ተከራከሩ። የሰማቸው አልነበረም። በ1568 መጨረሻ በአልቡሻራት ተራሮች አመፅ ተነሳ፤ በ1571 ሲታፈን የገርናጣ ሞሪስኮዎች በአሥር ሺዎች እየተነቀሉ በካስቲል ተበተኑ።

ዑለማኦችስ ምን አሏቸው? በ1504 የወህራኑ ዓሊም አሕመድ ኢብኑ አቢ ጁሙዓ የላኩላቸው ፈትዋ ይታወቃል። እንግዶች፣ ማለትም «ጉረባእ» ብለው በፍቅር ጠሯቸው። በቆመ ሰላት ካልተቻለ በምልክት ስገዱ፤ የአሳማ ሥጋ ከተገደዳችሁም ሐራምነቱን በልባችሁ እያመናችሁና እየጠላችሁ ነው አሏቸው። ይህ በሰይፍ ሥር ለነበረ ሰው የተሰጠ የጭንቅ ሩኽሳ ነው፤ በሰላም ተቀምጦ ለሚሰንፍ ሰው ማስረጃ አይሆንም። የፈትዋው ጥበብ ግን ግልጽ ነው። እጅ ቢያዝ ልብ አይያዝም፤ ልብ የሚያውቀውን እስካወቀ ድረስ።

ከወለል ሥር የተገኙ ኪታቦች

ልብ የሚያውቀውን እንዲያውቅ ደግሞ ማስተማር ያስፈልጋል። ሞሪስኮዎች ይህን ተረድተው ነበር። አረብኛው ከአፋቸው እየጠፋ ሲሄድ ስፓኒሹን ራሱን በአረብኛ ፊደል መጻፍ ጀመሩ። ተፍሲር፣ ፊቅህ፣ የነቢያት ታሪክ፣ ዱዓእ በዚህ መንገድ ጻፉ። ይህ ጽሕፈት «አልሃሚያዶ» ይባላል፤ «ዐጀሚያ» ከሚለው ቃል ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የወሎ ዑለማኦቻችንም አማርኛን በአረብኛ ፊደል ጽፈው መንዙማ ደርሰዋል፤ እኛም ዐጀሚ እንለዋለን። የሐረር ሊቃውንትም በሐረሪ ቋንቋ እንዲሁ አድርገዋል። በተራራቀ ምድር ሁለት ሕዝቦች ለአንድ ጥያቄ አንድ መልስ አገኙ፤ ዲኑን ልጁ በሚሰማው ቋንቋ መንገር።

በ1884 በአራጎን ምድር በአልሞናሲድ ዴ ላ ሲየራ መንደር አንድ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ከሐሰት ወለል ሥር እንዲህ ያሉ ኪታቦች ክምችት ተገኘ። ማንነታቸውን ያላወቁ ሰዎች ከፊሉን አቃጠሉት። የተረፈው አብዛኛው ዛሬ በማድሪድ ተጠብቆ ይገኛል። ደብቆ የሄደው ሰው ተመልሶ ሊወስደው አስቦ ይሆናል፤ እርሱ አልተመለሰም፣ ኪታቡ ግን ከ270 ዓመት በላይ ከእግር ሥር ሆኖ ጠበቀ።

በ16ኛው ምዕት ዓመት ከነበሩት የአልሃሚያዶ ጸሐፊዎች አንዱ «የአሬቫሎው ወጣት» በሚለው መጠሪያ ብቻ ይታወቃል። በየአገሩ እየዞረ ዲኑን ከተማረባቸው ሰዎች መካከል «የኡቤዳዋ ሙስሊም» የሚላቸው አንዲት አሮጊት ይገኙበታል። ቁርኣንን በማስረዳት የተከበሩ ሴት ነበሩ። መድረሳ ሲዘጋ መድረሳ የሆኑት እንዲህ ያሉ እናቶች ናቸው። በችሎቱ መዛግብትም ልጆቻቸውን ሰላትና ጾም አስተምረዋል ተብለው የተከሰሱ እናቶች ብዙ ናቸው። ክሱ ለእነርሱ ክብር ነው እንላለን።

የ1609 አዋጅ

ይሁን እንጂ ንጉሥ ፊሊፕ ሣልሳዊ በመጨረሻ ሁሉም እንዲባረሩ ወሰነ። በመስከረም 22 ቀን 1609 በቫሌንሲያ የተጀመረው አዋጅ እስከ 1614 በየግዛቱ ተፈጽሞ ወደ 300,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከተወለደበት ምድር ተነቀለ። የቫሌንሲያው አዋጅ ግን አንድ አስገራሚ አንቀጽ ነበረው። ከመቶ ቤተሰብ ስድስቱ እንዲቀሩ ፈቀደ፤ ምክንያቱም ቤቶቹ፣ የስኳር መጭመቂያዎቹ፣ የሩዝ ሰብሉና መስኖው እንዳይጠፉ ነው። አባራሪው ራሱ ማን እንደሚያበላው ያውቅ ነበር። ለመቅረት የፈለገው ግን ጥቂት ነበር።

የዘመኑን ስሜት ከሥነ ጽሑፍ ማየት ይቻላል። የስፔይኑ ታላቅ ደራሲ ሚጌል ዴ ሰርቫንቴስ ከ1575 እስከ 1580 በአልጀርስ ምርኮኛ የነበረ ሰው ነው። በ1605 ባሳተመው «ዶን ኪሆቴ» ውስጥ የመጽሐፉ ታሪክ በቶሌዶ ገበያ በአረብኛ ተጽፎ እንደተገኘ፣ አንድ ሞሪስኮም በዘቢብና በስንዴ ክፍያ እንደተረጎመለት አድርጎ በጨዋታ ይተርካል። በ1615 በወጣው ሁለተኛ ክፍል ደግሞ የታሪኩ ጸሐፊ ተብሎ የቀረበውን ሙስሊም ስም ባላገሩ ሳንቾ ተሳስቶ «ቤሬንሄና» ይለዋል፤ ሙስሊሞች ደበርጃን ይወዳሉ ብሎ ያሾፋል። ደበርጃን የሰው መታወቂያ ሆኖ ነበር ማለት ነው! በዚሁ ክፍል ግን ኋላ ላይ ጨዋታው ይመራል። ሪኮቴ የተባለ የተባረረ ሞሪስኮ ተሸሽጎ ይመለስና የትም ብንሄድ ስለ ስፔይን እናለቅሳለን ብሎ ለቀድሞ ጎረቤቱ ይነግረዋል። ደራሲው ክርስቲያን ቢሆንም የጎረቤቱ ሐዘን አላመለጠውም።

የተሰደዱት በመግሪብ ምድር አዲስ ከተሞች አቆሙ። በቱኒዚያ የምትገኘው ተስቱር በእነርሱ የተመሠረተች ናት፤ የመስጂዷ ሚናራ ዛሬም በአንደሉስ አሠራር ከነሰዓቱ ቆሟል። የቱኒስን ቀይ ቆብ፣ «ሻሺያ»ን፣ ያስፋፉት እነርሱ ናቸው። በተጥዋንና በፌዝ ዜማቸውና የእጅ ሥራቸው ቀጥሏል። እዚያ ድስቱም ቢስሚላሁም አብረው ተርፈዋል።

በስፔይን ማጀት የቀረውስ? ኩስኩስ የሙስሊም ምልክት ሆኖ ስለሚያስከስስ ከገበታው ጠፋ። አልቦንዲጋ ግን ቀረ፤ ዛሬ ግን ብዙ ጊዜ የሚሠራው የአሳማ ሥጋ ተቀላቅሎበት ነው። ስሙ የእኛ፣ አሠራሩ የእኛ፣ ውስጡ ግን ሌላ። ያ «አል-ዓፊያ» የተጻፈበት ሳህን ማለት ይህ ነው።

ይህን የምንለው የዛሬውን የስፔይን ሕዝብ ለመውቀስ አይደለም። ኪታቦቹን የሚጠብቁት፣ አልሃሚያዶውን የሚያነቡት፣ የአረብኛ ቃላቱን የሚመዘግቡት ብዙዎቹ የዚያው አገር ምሁራን ናቸው። በገርናጣ በአልበይሲን ኮረብታ፣ ከአልሐምራ ፊት ለፊት፣ በ2003 አዲስ መስጂድ ተከፍቷል። ከአልሐምራ ግድግዳዎች ላይ በየቦታው የተቀረጸው «ከአላህ በቀር አሸናፊ የለም» የሚለው ቃል ዛሬ በዚያ የሚያነበው ሰጋጅ አለ፤ አልሐምዱሊላህ።

ለቤታችን ምን እንያዝ?

ታዲያ ይህ ታሪክ ለእኛ ቤት ምን ይላል? ሁለት ነገር ይላል ብለን እናምናለን።

አንደኛው ማጽናኛ ነው። የቤት ሥራ ትንሽ ሥራ አይደለም። መስጂድ በተወሰደበት፣ ኪታብ በተቃጠለበት፣ ቋንቋ በተከለከለበት ምድር አንድ ሕዝብ ከመቶ ዓመት በላይ ዲኑን የጠበቀው በእናቶች ጓዳ ነው። ለስሑር የምትነሳ እናት፣ የሥጋውን ሐላልነት ጠይቃ የምትገዛ እናት፣ ከማዕዱ በፊት የልጇን እጅ የምታስታጥብ እናት ታላቅ ዘብ ቆማለች። አባቶችም ይህን ክብር በቃል ብቻ ሳይሆን በእጃቸው ሥራ ሊያግዙ ይገባል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ቤተሰባቸውን ያግዙ ነበር።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። ድስቱ ብቻውን ዲን አይጠብቅም። ልማድ ያለ ዕውቀት ሁለትና ሦስት ትውልድ ይሄድ ይሆናል፤ ከዚያ ጌጥ ይሆናል። እዚህም፣ በባሕር ማዶም ያሉ ብዙ ልጆቻችን ረመዳንን በሳምቡሳ ያውቁታል። ሳምቡሳውን መውደዳቸው ደስ ይላል። ነገር ግን ለምን እንደምንጾም ያልተነገረው ልጅ ለልጁ የሚያወርሰው የሳምቡሳውን አሠራር ብቻ ነው። የልጅ ልጁ ደግሞ ውስጡ ምን ቢገባበት ግድ የማይሰጠው ሊሆን ይችላል። በአንደሉስ ይህ በሰይፍ መጣ፤ በእኛ ቤት ግን ማንም ሳያስገድደን በዝምታ ሊመጣ ይችላል።

ስለዚህ ከባድ ያልሆነ ነገር እንጠይቃችሁ። ቢስሚላህን በማዕዱ ላይ ድምፅ አውጥታችሁ በሉ፤ ለትንሹ ልጅም ለምን እንደምትሉት አንድ ቀን ተቀምጣችሁ ንገሩት። የአያትን ምግብ አሠራር ስትማሩ ዱዓዋንም ተማሩ፤ የዒድ ቀን ምን ትል እንደነበር፣ ለየትኛው ጎረቤት ቀድማ ትልክ እንደነበር ጠይቃችሁ ጻፉት። ኢብኑ ረዚን በስደት የጻፉትን እናንተ በሰላም ልትጽፉት ትችላላችሁ። ባሕር ማዶ ያላችሁ ደግሞ ልጁ በሚገባው ቋንቋ አስረዱት። እንግሊዝኛም ይሁን ስዊድንኛ፣ ትርጉሙ ከሚጠፋ ፊደሉ ቢለወጥ ይሻላል፤ ሞሪስኮዎቹ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ገበታችንን ሐላል፣ ቤታችንን የዕውቀት ቤት ያድርግልን። በግፍ ተሰደው ለሞቱት የአንደሉስ ወገኖቻችን ይዘንላቸው። ለልጆቻችን ሳህኑንም፣ በሳህኑ ላይ የተጻፈውንም የሚያነብ ዓይን ይስጣቸው። አሚን።

ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።